ሚኒ ሚዲያው የግቢውን ዜና ያውራ

የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፤

ጋዜጦች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ነገር የሚያነሱት በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድም መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት፣ አንድም የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ። በመካከል ባሉት ወራት ግቢው ዜናውን የሚሰማው ከሚኒ ሚዲያ፣ ማለትም ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ዜና ከሚያነቡበት የትምህርት ቤቱ ክበብ ነው። ይህን የምንጽፈው ክበቡን የምናስተባብር መምህራን ስንሆን የምንለውም አንድ ነገር ነው። ሚኒ ሚዲያ ዋጋ የሚኖረው ሌላ ቦታ የማይገኘውን ዜና ሲናገር ነው፤ አሁን ግን በብዙ ትምህርት ቤት የሚናገረው የትም የሚገኘውን ነው።

በእረፍት ሰዓት አንድ ግቢ ገብታችሁ አድምጡ። «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ይባላል፤ ከዚያ ጥቅስ፣ ከዚያ ቀልድ፣ ከዚያ የአርሰናል ዝውውር፣ ከዚያ «ይህን ዘፈን ለ11ኛ ቢ ተማሪዎች ጋብዙልን»። ስለ አርሰናል ማንም ተማሪ ከሚኒ ሚዲያው ቀድሞ ያውቃል። ላይብረሪው ለቆጠራ ሦስት ቀን እንደሚዘጋ፣ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው የከሰዓቱን ፈረቃ ወደ ሐሙስ እንዳዛወረ፣ የቧንቧው ውኃ ከ4 ሰዓት በኋላ እንደሚቆም ግን የሚነግረው የለም። ይህን በጋዜጣም በቴሌቪዥንም አያገኘውም።

ዜናው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው። ከየክፍል ደረጃው ሁለት ሁለት ዘጋቢ ቢመደብና በየቀኑ ተመሳሳይ በሮችን ቢያንኳኩ ይበቃል፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ሪከርድ ቢሮ፣ ላይብረሪ፣ ቤተ ሙከራ፣ የስፖርት መምህሩ፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የበር ጥበቃ። ጥበቃውን የምንጠቅሰው ለቁጥር ማሟያ አይደለም። የውኃ ቦቴ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው በር እንደሚጠገን፣ ከወረዳ ማን እንደመጣ ብዙ ጊዜ ከርዕሰ መምህሩ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ዜናው ከተገኘ በኋላ አጻጻፉ ያበላሸዋል። ልጆቹ ዜና ማለት የቢሮ ደብዳቤ ቋንቋ ይመስላቸዋል። ለምሳሌ የፈተና ምዝገባ ሲደርስ እንዲህ ተብሎ ይነበባል፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ መረጃችሁን በማስተካከል ረገድ አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉ በጥብቅ እናሳስባለን።» ተማሪው ይህን ሰምቶ ምን ያድርግ? የት ይሂድ? መቼ? ያው ማስታወቂያ እንዲህ ሊነበብ ይችል ነበር፦ «የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የስማችሁ ዝርዝር ዛሬ ሪከርድ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ፊደል በፊደል እዩ። ጾታችሁን፣ ፎቶአችሁን፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለውንም እዩ። ስህተት ያገኘ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን ይዞ እስከ ዓርብ ከሰዓት 9 ሰዓት ሪከርድ ቢሮ ይምጣ።» ከዚያ «እደግማለሁ» ተብሎ ቀኑና ቦታው ብቻ ይደገማል። የሚደገመው ሙሉው ማስታወቂያ ከሆነ ግን ማንም አይሰማም።

ይህ ምሳሌ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ምዝገባው በኦንላይን ስለሆነና ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደልም ስለሚጻፍ አንድ ፊደል ብዙ ጣጣ ያመጣል። ጸጋዬ የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ በ«ቲ» ጀምሮ በሌላው በ«ኤስ» ከጀመረ፣ ልጁ ወደፊት ሰነዶቹን አንድ ለማድረግ ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል። የጾታ ስህተትም ቀላል አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። ተፈታኙ ተጓጉዞ፣ ዶርም ተመድቦለት፣ እዚያው አድሮ ነው የሚፈተነው፤ ስለዚህ «ወ» እና «ሴ» መቀያየር የአልጋ ጉዳይም ነው።

ስለ ፈተና ካነሳን ወሬን ማጣራት አብሮ ይነሳል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን አንባቢ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ፈተና በቀረበ ቁጥር «ፈተናው ወጣ»፣ «ፈተናው ተራዘመ»፣ «ውጤት ነገ ነው» የሚል የቴሌግራም ወሬ አይጠፋም። አንድ ልጅ በስልኩ ያየውን በማይክ ከተናገረው ወሬው የትምህርት ቤቱ ቃል ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀን የሚነካ ማንኛውም ዜና ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ታይቶ፣ አስተባባሪው መምህር ፈርሞበት ነው የሚነበበው። የስክሪን ፎቶ ደብዳቤ አይደለም፤ ማኅተምን በስልክ መለጠፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስህተት ከተነበበ ደግሞ ማረሚያው በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አንባቢ፣ ከሁሉ ዜና ቀድሞ ይነበባል። ከዘፈን በኋላ በጥድፊያ የሚባል «ይቅርታ፣ ትናንት ያልነው…» ማረሚያ አይባልም።

ውጤት ሲወጣ «ትምህርት ቤታችን አኩሪ ውጤት አስመዘገበ» ማለት ይቀናናል። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ ነበሩ፤ ይህም 300 ተፈታኝ ላለው ትምህርት ቤት ወደ 10 ተማሪ ማለት ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር በቁጥር ሊሰማ ይገባዋል፦ ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ፣ ስንቱ ሴቶች ናቸው፣ አምና ስንት ነበር። ያለፉት ፈቃዳቸው ተጠይቆ በስም ቢጠሩ ደግ ነው። ያላለፉትን ስም ግን በምንም መልክ፣ በቀልድም ቢሆን ማንበብ አይገባም።

ስምን በተመለከተ ሌላም ጥፋት አለ። ያረፈዱትን፣ ዩኒፎርም ያላሟሉትን፣ የወላጅ መዋጮ ያላስገቡትን በማይክ መጥራት በአንዳንድ ግቢ እንደ ሥነ ሥርዓት ማስከበሪያ ይቆጠራል። ያላስገባው ወላጅ ነው፣ የሚሸማቀቀው ልጅ። ይህ የዩኒት ሊደሩና የሆምሩም መምህሩ ሥራ ነው፤ በወረቀት፣ በግል ያልቃል።

ሐዘንም አለ። ተማሪ፣ መምህር ወይም የተማሪ ወላጅ ሲያርፍ ወሬው ወደ ግቢ የሚገባው ከመርዶው በፊት ሊሆን ይችላል። ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የአባቱን ሞት ከሞንታርቦ የሚሰማበት አጋጣሚ መፈጠር የለበትም። መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎችና ዘመዶች ናቸው። ሚኒ ሚዲያው የሚናገረው ቤተሰቡ መስማቱን ከቤተሰቡ ሰው ወይም ከዕድሩ ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ ያኔም ስሙን፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት፣ ለቅሶ የሚደርሱት ከየትኛው ክፍል ስንት እንደሆኑ ይናገራል። የአሟሟቱን ነገር አያነሳም። ለሐዘንተኛው ገንዘብ ከተሰበሰበ በየክፍል አለቃው በኩል ይሰበሰባል፣ ሁለት ሰው ፈርሞ ይረከባል፣ ድምሩ በማግስቱ ይነገራል፤ የየክፍሉ መጠን ግን አይነበብም፤ ውድድር ይሆናል።

ስለ ጠፋና ስለ ተገኘ ዕቃ አጭር ምክር አለን። የተገኘ ቦርሳ ሲነገር ቀለሙና በውስጡ ያለው ብር አይነገርም። «ቦርሳ ተገኝቷል፣ የጠፋበት ምልክቱን ይዞ ይምጣ» ይበቃል። ሁሉን ተናግሮ መጠየቅ መልሱን ከጥያቄው ጋር መስጠት ነው፤ ከአንድ ባለቤት በላይ ይመጣል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ፤ ብዙ ክበብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ትምህርት ቤት በለቀመው ገንዘብ አምፕሊፋየርና አራት ጡሩምባ ድምፅ ማጉያ ይገዛል፤ አራቱም በግቢው አራት ማዕዘን ይሰቀላሉ። በዓይን ሲታይ ትክክል ይመስላል። ድምፅ በአየር የሚጓዘው በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው። አንዱ ማጉያ ሥር የቆመ ተማሪ 70 ሜትር ርቆ ከተሰቀለው የሚመጣውን ድምፅ የሚሰማው በሴኮንድ አንድ አምስተኛ ዘግይቶ ነው። «ፈተና» ሲባል «ፈተና… ተና» ይሆንበታል። ቃሉ በቃሉ ላይ ይነባበርና መሐል ሜዳ ላይ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ድምፁ አነሰ» ብለው ይጨምሩታል፤ ማስተጋባቱም አብሮ ይጨምራል። የሚሻለው አራቱንም በአንድ ምሰሶ ወይም በአንድ ጣሪያ ጫፍ፣ ከተማሪው ራስ በላይ ሰቅሎ ፊታቸውን ወደየአቅጣጫው ማዞር ነው። ጥግ ላይ የቀረ ሕንፃ ካለ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ትንሽ ስፒከር ኮሪደሩ ውስጥ ይጨመርለታል። አቅጣጫው ወደ ግቢው ውስጥ ከሆነ ጎረቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም አያማርርም።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ለመብራት ገመድ የሚሸጠውን 0.75 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ 100 ሜትር ስቦ 8 ኦም ማጉያ ላይ ማሰር የተለመደ ነው። መሄጃና መመለሻው ሲደመር 200 ሜትር መዳብ ነው፤ የሽቦው ብቻ መቋቋም 4.7 ኦም ያህል ይሆናል። ከአምፕሊፋየሩ ከሚወጣው ኃይል ከሲሶ በላዩ ሽቦ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በ2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ቢሳብ ብክነቱ ወደ 15 ከመቶ ይወርዳል። ከዚያም የሚሻለው ባለ 100 ቮልት አምፕሊፋየርና ትራንስፎርመር ያላቸው ማጉያዎች መጠቀም ነው፤ ለሩቅ ቦታ የተሠሩ ናቸው። ያኔ ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ የየማጉያው ዋት ተደምሮ ከአምፕሊፋየሩ ዋት በታች መሆን አለበት፣ ትርፍም ይተውለታል። ትራንስፎርመር የሌለው 8 ኦም ማጉያ በ100 ቮልቱ መውጫ ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

አምፕሊፋየር የሚቃጠልበት ዋና ምክንያት ግን አያያዙ ነው። አራት ባለ 8 ኦም ማጉያ ጎን ለጎን ሲታሰር 2 ኦም ይሆናል። ብዙው አምፕሊፋየር ከጀርባው «4–16 ኦም» ተብሎ ተጽፎበታል፤ 2 ኦም ሲሰጡት ይግላል፣ ለሳምንት ይታገሳል፣ ከዚያ ያጨሳል። ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስሮ ሁለቱን ጥንድ ጎን ለጎን ማገናኘት ድምሩን መልሶ 8 ኦም ያደርገዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፒንሳና አሥር ደቂቃ ነው።

ማጉያውን ራሱን የሚገድለው ዘፈኑ ነው። ጡሩምባ ማጉያ ለንግግር ነው የተሠራው፤ የከበሮና የቤዝ ድምፅ ከአቅሙ በታች የሆነ ንዝረት ስለሆነ ውስጡ ያለችውን ስስ ልባድ ያለ ጥቅም ያርገበግባታል። ልጆቹ ቤዙ አልሰማ ሲላቸው ቁልፉን እስከ መጨረሻ ያዞሩታል፣ ቀይዋ መብራት ትበራለች፣ በሳምንቱ ድምፁ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ይሆናል። ዘፈን የግድ ካስፈለገ የቤዙ ቁልፍ እስከ ታች ይወርዳል፣ ቀይ መብራቷ ከበራች ድምፁ ይቀነሳል። (ዘፈን ጨርሶ ይቅር የሚል ባልደረባ አለን፤ ሌሎቻችን እስከዚያ አልደረስንም።)

ማይኩ ሲያፏጭ ተማሪዎች በደመ ነፍስ ጭንቅላቱን በእጃቸው ይሸፍኑታል። ይህ ፉጨቱን ያባብሰዋል፤ የታፈነ ማይክ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። መፍትሔው ከማጉያዎቹ ኋላ መቆም፣ ማይኩን ከአፍ አራት ጣት ያህል ማራቅና ድምፁን ትንሽ መቀነስ ነው። በ«ፉ ፉ» መሞከርም ይቅር፤ ትንፋሹ እርጥበት ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ማለት ይበቃል።

ዝናብና መብራትን በአጭሩ። የጡሩምባው አፍ ጥቂት ወደ ታች ያዘንብል፤ ቀጥ ካለ ክረምቱን ውኃ ሲጠጣ ይከርማል። ሽቦው ማጉያው ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ ውኃው ከማጠፊያው ይንጠባጠባል። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ይነቀል፤ የሚያቃጥለው ተመልሶ ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው። ከጀርባው የ12 ቮልት መግቢያ ካለው የመኪና ባትሪ ለጠዋቱ ሰልፍ ይበቃል፣ ቀዩ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቭ። የእጅ ሜጋፎን በመጠባበቂያነት የሚያስቀምጥ ደግሞ ክረምት ላይ ድንጋዩን ያውጣ፤ ድንጋዩ ይፈስና ውስጡን ይበላዋል።

በጠዋቱ ሰልፍ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ የሚገኘው ጊዜ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። በዝግታ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ውስጥ የሚገባው አማርኛ ከ100 ቃል ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ አራት ዜና፣ ቢበዛ 400 ቃል። አንባቢው ከፊት ለፊቱ ሰዓት ይዞ አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ይለማመድ። በሁለት ፈረቃ የሚማር ትምህርት ቤት ያንኑ ዜና ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንበብ አለበት፤ የከሰዓቱ ፈረቃ ሁልጊዜ የሚረሳ ልጅ ነው። ግቢው ሁለት ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዜናው በሁለቱም ይጻፍ እንጂ አንዱ ለሌላው በማይክ ላይ እየቆመ አይተርጉም።

የተነገረ ዜና በአየር ያልቃል። ያልመጣ ተማሪ አይሰማም፤ መስማት የተሳነው ተማሪም አይሰማም። ስለዚህ የተነበበው ሁሉ በዚያው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፣ በዓይን ልክ፣ በትልቅ ፊደል። በአንጻሩ ማየት ለተሳናቸው ሰሌዳው ምንም ነው፤ ሰሌዳ ላይ ብቻ የተለጠፈ የፈተና ፕሮግራም ለእነሱ አልወጣም ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሄዱ አንዱ ወገን ይቀራል። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ «የሚነሳበት ቀን» ይጻፍ። ያ ካልተደረገ የጥቅምት ማስታወቂያ ፀሐይ አገርጥቶት ሚያዝያ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፣ ተማሪውም ሰሌዳውን ማየት ይተዋል።

ክበቡ በየዓመቱ የሚፈርስበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሥራውን የሚያውቁት የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ሰኔ ላይ ይሄዳሉ፣ መስከረም ላይ ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ የሚያውቅ የለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከየካቲት በኋላ ከማይክ ይነሳ፤ ለራሱም ጥናቱ ይበልጥበታል። ቦታውን የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ይያዙ፣ ሽቦ ማሰሩን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ከጎን ቆሞ ይማር። የተነበበው ዜናም በአንድ ደብተር ይቀመጥ፦ ቀኑ፣ ምንጩ፣ አንባቢው፣ የመምህሩ ፊርማ። ያ ደብተር ከልጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አዲሱ ዘጋቢ የአምናውን ጥቅምት ገልጦ ዘንድሮ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያያል።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለን። የፈተናና የምዝገባ ማስታወቂያ ስታወጡ ማንን እንደሚመለከት፣ የመጨረሻውን ቀንና የሚኬድበትን ቦታ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አድርጉልን፤ ልጆቹ ቆርጠው እንዳለ ያነቡታል። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት ወይም ከሰዓት በሉ። «እስከ 8:00» ብቻ ተብሎ ሲመጣ ግማሹ ተማሪ በፈረንጅ ቆጥሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይላል፣ ግማሹ ምሳውን በልቶ ይመጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪ መምህራን
አዲስ አበባ